ሁለት ቁራጩን ሻፍት በአንድ ልቀይረው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል ፎርድ ማስታንግ ጂቲ አለኝ፣ ማርሹ በእጅ ነው። ሞላውን ቀይሬ መኪናውን ዝቅ ካስደረግኩ ወዲህ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከ90 ሳልፍ ወለሉም ወንበሩም ይነዝረኛል። ጋራዥ ሳሳየው የፕሮፔለር ሻፍቱ (የካምቢዮውን ጉልበት ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ) የመሀል ኩሽኔታ ጎሚኒው ተሰንጥቋል አሉኝ። ጓደኞቼ ባለ አንድ ቁራጭ የአሉሚኒየም ሻፍት ከውጭ አስመጣ፣ ጉልበትም ይጨምርልሃል ይላሉ። ሶማሌ ተራ ያገኘሁት ባለሙያ ደግሞ “ምን አስመጣህ፣ ያንኑ ቆርጬ አንድ አድርጌ እበይድልሃለሁ” አለኝ። የዋጋው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብየዳውን እርሳው። የሶማሌ ተራ ልጆች እጃቸው ወርቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን በእጅ ጥበብ የሚፈታ ነገር አይደለም። ፎርድ ሻፍቱን ለሁለት የከፈለው በምክንያት ነው። የሚሽከረከር ቱቦ ሁሉ እንደ ርዝመቱና እንደ ውፍረቱ የፍጥነት ገደብ አለው። እዚያ ሲደርስ ልጆች እንደሚዘሉት ገመድ መሀሉ እየጎበጠ መወርወር ይጀምራል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ገደቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። መሀል ላይ ኩሽኔታ ያስገቡት ቱቦው እንዲያጥርና በቀጭኑ እንዲብቃቃ ብለው ነው። አንተ ኩሽኔታውን አውጥተህ ሁለቱን ቀጭን ቱቦ ብትገጣጥም ቀጭንም ረጅምም የሆነ ነገር ሠራህ ማለት ነው። ደግሞ አክስሉ ጉድጓድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ሻፍቱ ትንሽ መርዘምና ማጠር አለበት፤ የሚንሸራተተውን ቦታ በብየዳ ካሰርከው ግፊቱን የሚቀበሉት ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ናቸው። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ እንደሱ ያለ ማስታንግ ከየት ታመጣለህ?

ለመኪናው ተብሎ የተሠራው ባለ አንድ ቁራጭ ግን ሌላ ነው። ቱቦው ወፍራም ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ርዝመቱን የሚያካክሰውም ይሄ ነው። ዲፈረንሻልህ 3.55 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 3.55 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ በ120 ኪሎ ሜትር ሻፍቱ በደቂቃ 3,300 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ባላንስ የተደረገ ጤነኛ ሻፍት ይሄ ምኑም አይደለም። የመሀል ኩሽኔታውም ጎሚኒውም አብረው ስለሚወገዱ ሁለተኛ አይሰነጠቁብህም። ድምፅ ግን ይጨምራል። አሉሚኒየም የዲፈረንሻሉን ጩኸት ወደ ውስጥ ያመጣል፣ ድንጋይ መትቶት ከሰረጎደ ደግሞ ባላንሱ ያበቃለታል። የካርቦን ፋይበር የሚሉትን ለኛ መንገድ አልመክርህም፤ አንዴ ከተጎዳ የሚጠግንልህ የለም።

ጉልበት ይጨምራል ያሉህን አትስማ! ሻፍት ጉልበት አያመርትም። ቀለል ሲል ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይነሳል፣ እሱም ብዙ የሚታወቅ አይደለም፣ ምክንያቱም የቱቦው ክብደት ያለው ለመሀል ዘንጉ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተርህ አየሩ ስለሳሳ ብቻ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ቆሞ ያጣል። እሱን የሚመልስ ሻፍት አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ንዝረቱ የጀመረው ሞላውን ካስቀየርክ በኋላ ነው ብለሃል አይደል? ጓደኞችህ ይቺን ነገር ዘለዋታል። እስከ 2014 ሞዴል ድረስ የማስታንግ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ነው፣ ዲፈረንሻሉም ያለው አክስሉ ላይ ስለሆነ መኪናው ዝቅ ሲል የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ሻፍቱ የሚገባበት፣ ይዞራል፣ ማዕዘኑም ይበላሻል። ክሮቼራ፣ ማለትም ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ፣ ደግሞ ጠመም ብሎ ሲዞር እኩል አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ሁለቴ ፈጠን፣ ሁለቴ ዘግየት ይላል። የፊተኛው ያበላሸውን የኋለኛው የሚያስተካክለው የሁለቱ ማዕዘን እኩል ሲሆን ነው፣ በሌላ አነጋገር ካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ሲሆኑ። ይሄን ሳታስተካክል የፈለገውን ያህል ውድ ሻፍት ብታስገባ ንዝረቱን ከነወጪው ተሸክመህ ትኖራለህ።

ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ንዝረቱ የማን እንደሆነ ለይ። በ90 ስትሄድ ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ነፃ አድርገው። ንዝረቱ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ወጣ። በዚያ ፍጥነት ጎማህ በሰከንድ 11 ወይም 12 ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ ወደ 41 ጊዜ ይዞራል፤ መሪው ቀስ ብሎ ከተንቀጠቀጠ ጎማና ቸርኬህን ተመልከት፣ ወለሉ ስልክ ሲነዝር እንደሚሆነው ደቀቅ አድርጎ ካርገፈገፈህ ግን ሻፍቱ ነው። ቀጥሎ ቸርችል ጎዳናን ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከለገሃር ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ነዳጅ ሰጥተህ ውጣው፣ ከዚያ እግርህን አንስተህ ቁልቁል ተመለስ። ሽቅብ ሲጎትት ብሶ ቁልቁል የሚተውህ ከሆነ ማዕዘኑን ጠርጥር። ነዳጅ ሰጠህም ተውክም ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ባላንስ ወይም ያ የተሰነጠቀው ጎሚኒ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩብህ ይችላሉ፣ ባንተ መኪና እኔ የምጠረጥረው እንደሱ ነው።

ማዕዘኑ የሚለካው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነው፣ ከሥር ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ፈልግ። በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። የካምቢዮውን፣ የሻፍቱንና የዲፈረንሻሉን ዝንባሌ በዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ውሰድ። በእያንዳንዱ ክሮቼራ ላይ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ልዩነት ጥሩ ነው። ዜሮም አይሁን፣ ውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ይበላሉ። ነዳጅ ስትሰጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚነሳ ቆሞ ሲለካ ከትይዩው 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይጠብቅህ። አንተ ጋ ይሄን ለማግኘት ርዝመቱ የሚስተካከል የላይኛው የአክስል ክንድ ያስፈልግሃል። ከሻፍቱ ጋር አብረህ እዘዘው።

መግጠሙ ራሱ ለደህና መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጭስ ማውጫው መንገድ ከዘጋ ይወርዳል፣ አሮጌው ከመፈታቱ በፊት ከነፍላንጁ (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበት ሳህን) በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ምናልባት መመለስ ካስፈለገ። የፍላንጁን ዝገት በደንብ ያጽዱት፤ እዚያ መሀል የቀረች ቅርፊት ሻፍቱን ታጣምመዋለች። ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ፣ ብሎን እንዳይላላ የሚይዘውን ሎክታይት ይቀቡ፣ የጥብቀት ልክ በሚያሳየው በቶርክ ሬንች ይጥበቁ፤ “በእጄ አውቀዋለሁ” የሚልህን በትሕትና እምቢ በለው። የዲፈረንሻሉ መግቢያ ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ማንም እንዳይነካው፣ የውስጥ ኩሽኔታዎቹን ጥብቀት የያዘው እሱ ነው። ገጥመህ ትንሽ ንዝረት ከቀረ የኋላውን ፈትተህ ፍላንጁ ላይ በግማሽ ዙር አዙረህ ሞክረው፣ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ከፊተኛው ክሮቼራ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ደግሞ ሻፍቱን ከቦ የሚይዝ የብረት ቀለበት አስገጥም። የፊተኛው ከተሰበረ ረጅም ሻፍት አስፋልት ላይ ይተከላል፣ በ120 ያ ሲሆን ማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፣ ለሥራ ነው የምጠቀምበት። ሲነሳ ከሥር ያርገፈግፈዋል። እኔስ ባለ አንድ ቁራጭ ባስገባ?
አንባቢ፣ ከልደታ

መልስ፦ አንቺ ተይው እህቴ። የሃይሉክስ ሻፍት ረጅም ነው፣ ባለ ሁለት ሆኖ ይቆይ። ሲነሳ ብቻ የሚያርገፈግፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ቦታና ክሮቼራዎቹ ግራሶ ይጠጡ። ካልተወሽ የመሀል ኩሽኔታውን ከነጎሚኒው አስቀይሪ፣ ሻፍቱ ተፈትቶ ሲገባም የሁለቱ ቁራጮች ምልክት ካልገጠመ አትቀበያቸው።