ከኋላ ተጫወት ሲባል ለከፋው ልጅ

ልጆቼ፣

ብዙ ዓመት ታዳጊዎችን አሰልጥኛለሁ። ከዚያ በፊት እኔም ተከላካይ ነበርኩ። አጥቂ ነኝ ብሎ የመጣን የ14 ዓመት ልጅ «ዛሬ ከኋላ ተጫወት» ስትሉት ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር አውቃለሁ።

አንዱን መቼም አልረሳውም። ወደ ቀኝ ተከላካይ ሳወርደው አንድ ቃል አልተናገረም። የሜዳው ዳር ላይ ተቀመጠና የታኬታውን ክር ፈትቶ አሰረ፤ ደግሞ ፈትቶ አሰረ። እንባው እንዳይታይበት አቀርቅሮ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አላየሁት። እኛ አሰልጣኞችም እኮ ጥፋት አለብን፤ «አወረድኩት» ነው የምንለው። ቃሉ ራሱ ልጁን ይሰብረዋል። ያን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለ ባርሴሎናውና ስፔናዊው ተከላካይ ስለ ካርልስ ፑዮል ባጫውተው ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ፑዮል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1978 ላ ፖብላ ዴ ሴጉር በምትባል የካታሎኒያ ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለ በረኛ ነበር። ትከሻው አስቸገረውና ጎሉን ትቶ አጥቂ ሆነ። የባርሴሎና ታዳጊዎች ማደጊያ ላ ማሲያ ሲገባ 17 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ዣቪ እዚያው ክለብ የገባው በ11 ዓመቱ ነው፤ ልዩነቱን እዩት። ፑዮል እዚያም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ አልረጋም። አማካይ አደረጉት፣ ከዚያ ቀኝ ተከላካይ። በ1999 አሰልጣኙ ቫን ሃል ለዋናው ቡድን አሰለፈው። የመሀል ተከላካይነቱ የመጣው በኋላ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው፤ ለዚያ ቦታ አጭር ነው የሚባል ቁመት።

አጭሩ ሰውዬ በ2010 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርባን ላይ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? በ73ኛው ደቂቃ ዣቪ የማዕዘን ምት አሻማ። የጀርመን ተከላካዮች ረጃጅሞች ናቸው፤ ሜርተሳከር ብቻውን ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቪዲዮውን ስታገኙት ኳሷን ተዉና ፑዮልን ብቻ ተመልከቱ። ሳጥኑ ውስጥ ከሚጋፉት ጋር አይጋፋም። ከራቅ ያለ ቦታ ተንደርድሮ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ይዘላል፣ በቴስታ ይመታታል። 1 ለ 0። ስፔን ለፍጻሜ አለፈች፣ ዋንጫውንም በላች። እኔ ይህን ጎል ለልጆች ደጋግሜ አሳይቻለሁ። የቁመቱን ማጠር በሩጫና በሰዓት አጠባበቅ ይክሰው ነበር። ይሄ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው፤ እናንተም ትችሉታላችሁ።

ከጎሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነው። በ2009 ሮም ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደርስ ቀኝ ተከላካዩ ዳኒ አልቬስ በቅጣት አልነበረም። አምበሉ ፑዮል ወደ ቀኝ ተዛወረ፣ አማካዩ ያያ ቱሬ በእሱ ቦታ የመሀል ተከላካይ ሆነ። አምበል ሆኖ ለዓመታት ከለመደው ቦታ ተነስቶ! ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 አሸነፉና ዋንጫውን ራሱ አነሳ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዌምብሌይ ላይ ደግሞ ፍጻሜውን የጀመረው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። የገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነበር። 3 ለ 1 አሸነፉ። ዋንጫ የማንሳት ወጉ የአምበሉ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ጓደኛው ኤሪክ አቢዳል ግን ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። ያም ሆኖ 90 ደቂቃ ተጫውቷል። ፑዮል የአምበልነቱን ማሰሪያ ለአቢዳል ሰጠው። ዋንጫውን መጀመሪያ ያነሳው አቢዳል ነው፤ ፑዮል ከጎኑ ሆኖ ያጨበጭባል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ አሁንም ባየው ዓይኔ እንባ ያቀራል።

ልጆች፣ አሰልጣኝ ቦታ ሲቀይራችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ከልብ ሞክሩት፤ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን። ከኋላ ሆኖ ሜዳው በሙሉ ይታያል። ተናገሩ፣ ጓደኛችሁን በእጃችሁ አመላክቱት። ኳሷ ሳትደርስ የሚሠራው ሥራ ነው ተከላካይ የሚያደርጋችሁ። ማንም አያጨበጭብላችሁም፤ ይሄን አልደብቃችሁም።

ፑዮል ለባርሴሎና 593 ጨዋታ አድርጓል። ኮንትራቱ እስከ 2016 ነበር፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ግን በ2014 በቃኝ አለ። የመጨረሻ ጨዋታው ከአልሜሪያ ጋር ነበር፣ በባርሴሎና ሜዳ በካምፕ ኑ። ጎል አገባ። ያን ምሽት ያ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም የሚፈልገው ጎል ማግባት ነበር።