ወፏ የሜክሲኮ፣ ስሟ የቱርክ

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባት የጻፉልኝ ይህን ነው። በአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ በታንክስጊቪንግ ዕለት፣ ተርኪ የምትባለው ወፍ ማዕድ ላይ ቀረበች። በእንግሊዝኛ አገሪቱ ቱርክም «ተርኪ» ስትባል ኖራለች። ልጃቸው «ይህች ወፍ የቱርክ ናት እንዴ?» አለቻቸው። መልስ አጡ።

የቱርክ አይደለችም፤ ትውልዷ አሜሪካ ነው፣ ያለመዷትም ሜክሲኮ ውስጥ ነው። የስሙ መነሻ ጅግራ ነው። የአፍሪካ ጅግራ እንግሊዝ የደረሰው በቱርኮች ግዛት በኩል በሚነግዱ ሰዎች ነበር። እንግሊዞችም «የቱርክ ዶሮ» አሉት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔኖች የሜክሲኮዋን ወፍ አውሮፓ ሲያስገቡ ሁለቱ ተምታቱ። ስሙ ለአዲሷ ቀረ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እንኳ የሳይንስ ስም ሲሰጣት «ሜሌአግሪስ» አላት፤ በግሪክ ጅግራ ማለት ነው።

ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ይሏታል፤ የህንድ ማለታቸው ነው። የፈረንሳይኛውም ስም ከህንድ የመጣ ነው። ፖርቹጋሎች «ፔሩ» ይሏታል። እስራኤል ያላችሁም «ታርኔጎል ሆዱ» ስትሉ የህንድ ዶሮ እያላችሁ ነው።

እኛስ? ከአሜሪካ ምድር የመጣውን ፍሬ ዘይቱን እንለዋለን። በዓረብኛ ግን ዘይቱን ወይራ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ባለቤቶቹን የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ስም ነበራቸው እኮ! ሜክሲኮ ውስጥ ዛሬም ከአዝቴኮች ቋንቋ በወረሱት ስም «ጉዋሆሎቴ» ይሏታል። ለልጅዎ ይህን ስም ይንገሯት።

«ጎብለር» ሌላ ወፍ ነው ወይ?

አይደለም፤ ወንዱ ተርኪ ነው። ጩኸቱን ሰምተው ያወጡለት ስም ነው።

ቱርክ በእንግሊዝኛ የምትጠራበትን ስም ያስለወጠችው በወፏ ምክንያት ነው?

ከተነሱት ምክንያቶች አንዷ እሷ ናት። የተባበሩት መንግሥታት «ቱርኪዬ» የሚለውን የተቀበለው በጁን 2022 እ.ኤ.አ. ነው። በአማርኛ ሰነድ ላይ እንዴት ይጻፍ ላሉኝ፣ ኤምባሲውን ይጠይቁ።

አንዲት እህት ደግሞ ስለ ወንድማቸው ጽፈውልኛል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ኖሯል። አሁን «ከሰኞ ጀምሮ ኮልድ ተርኪ ነው» ብሏል። ትርጉሙን ነው የጠየቁኝ።

ሱስን ቀስ በቀስ ሳይቀንሱ፣ በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ መተው ማለት ነው። ግን የቃሉን ነገር ለጊዜው ይተዉት። እንዲህ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥ በአንዴ ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ሊቃዥ ይችላል፣ ሰውነቱን ሊያንፈራግጠውም ይችላል። ሕይወት ያለፈበት ጊዜ አለ። መተዉ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ በርታ በሉት። ብቻውን ግን እንዳይጀምረው። ከሰኞ በፊት ሐኪም ይየው፤ መድኃኒትና ክትትል አለ። መጠጡን አቁሞ መንቀጥቀጡ ወይም መቃዠቱ ከጀመረው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።