ፋይሉን ሙሉውን ሜሞሪ ላይ አትጫኑት

ይድረስ ከሐረጎ በላይ ደሴ፣ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ ሆናችሁ በጃቫ ኮድ ለምትጽፉ ልጆቼ፤

ሥራችሁን ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ስለማይ ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ፋይል ወደ ሰርቨር ስትልኩ መጀመሪያ ሙሉውን አንብባችሁ ባይት አሬይ (ሜሞሪ ላይ ያለ የባይቶች ድርድር) ውስጥ ትከቱታላችሁ። ለመታወቂያ ፎቶ ይሄ ምንም አይደለም። የሆስፒታል የሲቲ ስካን ምስል ወይም የፋብሪካ የካሜራ ቅጂ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ብሎ ይወድቃል። ጃቫ መጠን ካልወሰናችሁለት ለሂፕ (ፕሮግራሙ ዳታውን ለሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ክፍል) የሚፈቅደው የማሽኑን ራም ሩብ ያህል ነው፤ 8 ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ 2 ጊጋባይት ገደማ። ራም ብትጨምሩ እንኳ አንድ ባይት አሬይ ከ2,147,483,647 ባይት አያልፍም።

ይበልጥ የሚያታልለው የድሮው የጃቫ መላኪያ፣ ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ነው፤ ብዙ ነባር ሲስተም ላይ ስለምታገኙት በደንብ እወቁት። በሉፕ 8 ኪሎባይት እያነበባችሁ አውትፑት ስትሪሙ (ዳታው የሚወጣበት ቦይ) ላይ ትጽፋላችሁ። ኮዱን ላየው ሰው የሚፈስ ይመስላል። ከስር ግን የኮንተንት ሌንግዝ ሄደሩን (ከፋይሉ በፊት መጠኑን ለሰርቨሩ የሚናገረውን መስመር) ለመሙላት ጠቅላላ መጠኑን ማወቅ ስላለበት ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ያጠራቅማል፤ ጽፋችሁ እስክትጨርሱ አንድም ባይት አይወጣም። መጠኑን ካወቃችሁ ሴትፊክስድሌንግዝስትሪሚንግሞድን፣ ካላወቃችሁ ሴትቸንክድስትሪሚንግሞድን (መጠኑ ሳይነገር በቸንክ፣ ማለትም በቁራጭ የሚልከውን) አውትፑት ስትሪሙን ሳትከፍቱ ጥሩት። ለትልልቅ ፋይል ሎንግ (ትልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) የሚቀበለውን ሴትፊክስድሌንግዝስትሪሚንግሞድ ምረጡ፤ ከጃቫ 7 ጀምሮ አለ።

አዲስ ሥራ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃቫ 11 ጋር የወጣውን ኤችቲቲፒ ክላየንት ያዙ። ዲስክ ላይ ላለ ፋይል ቦዲፐብሊሸርስ (የሚላከውን ይዘት የሚያቀርቡ ፐብሊሸሮች የሚገኙበት) ውስጥ ያለው ኦፍፋይል ይበቃችኋል፤ መጠኑን ራሱ ያውቃል፣ ቁራጭ ቁራጭ እያነበበም ይልካል። ሰኞ ገበያ እህል ከመኪና ሲወርድ አይታችኋል፤ ወዛደሩ ትከሻውን ሲያመቻች ነው ከላይ ያለው ቀጣዩን ኩንታል የሚለቅለት። ፐብሊሸሩም እንደዚያው ነው፤ ተቀባዩ ሳይጠይቅ አያቀብልም፤ መስመሩ ሲዘገይ ንባቡም አብሮ ይዘገያል።

እዚያው ያለውን፣ ከስትሪም የሚያነበውን ኦፍኢንፑትስትሪምን ስትጠቀሙ መጠኑ ስለማይታወቅ በኤችቲቲፒ 1.1 የሚሄደው በቸንክድ ነው። የሚቀበላችሁ ስትሪሙን ሳይሆን ሰፕላየር (ሲጠየቅ ስትሪም የሚሰጥ ኮድ) መሆኑንም ልብ በሉ። ጥያቄው ድጋሚ መላክ ካስፈለገ አዲስ ስትሪም ይፈልጋልና በየጥሪው ፋይሉን እንደገና ክፈቱለት። ተነቦ ያለቀ ስትሪም መልሳችሁ ብትሰጡት የሚልከው ነገር የለም።

ታይምአውቱን (የመጠበቂያ ጊዜ ገደቡን) አታሳጥሩት፤ የሚቆጥረው ቢያንስ የመልሱን ሄደር እስኪያገኝ ድረስ ስለሆነ መላኪያው ጊዜም ይገባበታል። ኤክስፔክትኮንቲኒውን (ፋይሉ ከመላኩ በፊት ሰርቨሩን ፈቃድ የሚጠይቀውን) ብታበሩ ደግሞ አሻፈረኝ የሚል ሰርቨር ፋይሉ ሳይጓዝ ሊነግራችሁ ይችላል።

ሰርቷል ብላችሁ ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት ሂፑን በኤክስኤምኤክስ (የሂፕን ጣሪያ በሚወስነው የጃቫ ትእዛዝ) ወደ 64 ሜጋባይት አውርዳችሁ 3 ጊጋባይት ፋይል ላኩበት። ካለፈ ኮዳችሁ በእውነት እያፈሰሰ ነው። እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት፤ በዚያኛው ጫፍ ምስሉን የሚጠብቅ ሐኪም አለ።

ስትሪሚንግ ሜሞሪን እንጂ የተቋረጠ መስመርን አያድንም። መብራት ሄዶ ኔትወርኩ ቢወድቅ መላኩ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ኮዱን ሳትጀምሩ ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች አግኟቸው፤ ፋይሉን በክፍል በክፍል ይቀበላሉ ወይ? የትኛው ባይት ላይ እንደቆመ የሚጠየቅበት አድራሻስ አላቸው? ከሌላቸው አሁኑኑ እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ።