በእጅ የሚሠሩ የባሕር ዳርቻ ካርዶች መተዳደሪያ ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ የግራፊክ ዲዛይን ትምህርቴን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ላለፉት ሁለት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ የባሕር ዳርቻን ገጽታ የሚያሳዩ የመልካም ምኞት መግለጫ ካርዶችን በእጄ እየሠራሁ ለዘመድ ወዳጅ ስሰጥ ቆይቻለሁ። ትናንሽ ዛጎሎች፣ አሸዋና የቃጫ ገመድ እለጥፍባቸዋለሁ፤ ያየ ሁሉ ያደንቃቸዋል። ስመረቅ በዚህ ሥራ ብቻ ልተዳደር ወይስ እንደ ማንኛውም ተመራቂ ሥራ ልፈልግ የሚለውን መወሰን አቅቶኛል። ቤተሰቦቼ የልጅ ጨዋታ ነው ይሉኛል፤ እኔም ለሥራ ሳመለክት ካርዶቹን ባሳይ ይንቁኝ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ። ሲመረቁ ሥራ ይፈልጉ፤ ካርዶቹንም አይተዉ። ይህን የምለው እርስዎንም ቤተሰብዎንም ለማስደሰት ብዬ አይደለም። ካርድ በስጦታ የተቀበለ ሰው ምንጊዜም ያመሰግናል፤ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛ ሰው ግን ካርዱን ከሌሎች ጋር አስተያይቶ፣ አገላብጦና ጠርዙን ዳስሶ ነው የሚወስደው። እስካሁን ያገኙት አድናቆት ልባዊ መሆኑን ባልጠራጠርም፣ የገበያን ጥያቄ አይመልስም። ሊመልሱት የሚገባዎ ጥያቄ፣ አንዱን ካርድ ሃያ ጊዜ ደግሜ፣ ሃያኛውን እንደ መጀመሪያው አጥርቼ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድብኝም እያወቅሁ መሥራት እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ይህን በተግባር ያረጋገጠ ሰው የራሱን ሥራ ለመጀመርም ሆነ ለመቀጠር ዝግጁ ነው። ስለዚህ እስከ ምረቃዎ ባሉት ወራት ስድስት ንድፎች ያሉት፣ አንድ መልክና አንድ መጠን ያለው ተከታታይ ሥራ እንዲያዘጋጁ እመክራለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ሥራ ላይ ያተኮረ ነው።

በቅድሚያ እውነተኛ ዛጎልና አሸዋ ከካርዱ ላይ እንዲነሡ እፈልጋለሁ። የካርዶችዎ ውበት ከእነርሱ የመጣ ስለሚመስልዎ ይህን ሲያነቡ ቅር ሊልዎ ይችላል። ይሁን እንጂ ካርድ ተልኮ የሚደርስ ዕቃ ነው። በብዙ አገሮች ደብዳቤ የሚለየው በማሽን በመሆኑ ፖስታው ስስ፣ ውፍረቱ ወጥና ያለ ችግር የሚለመጥ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ለመደበኛ ደብዳቤ የሚፈቀደው ውፍረትም በብዙዎቹ የፖስታ አገልግሎቶች ዘንድ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዛጎል የተለጠፈበት ካርድ ወይ በማሽኑ ውስጥ ይሰበራል፣ ወይ ፖስታውን ይቀድዳል፣ ወይ ደግሞ ከመደበኛ ደብዳቤ ውጭ ተቆጥሮ ላኪውን ተጨማሪ ያስከፍላል። አሸዋውም በየመንገዱ እየረገፈ የተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ይራገፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከበኞች ለሚወዷቸው ሰዎች ይዘዋቸው ይመለሱ የነበሩ፣ በብዛትም በባርቤዶስ የተሠሩ የዛጎል ስጦታዎች አሉ፤ ጥቃቅን ዛጎሎች በአበባና በልብ ቅርጽ ተደርድረው አንዳንዴም የፍቅር ቃል ይሠራባቸው ነበር። የእነዚያ ሥራዎች ባለሙያዎች ግን ዛጎሎቹን ያኖሩት ባለ ስምንት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በመስታወት ሸፍነው ነው። ዛጎል ጥልቀትና መከለያ ይፈልጋል፤ የታጠፈ ወረቀት ሁለቱንም አይሰጠውም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ይህኛው ይከብዳል። ባዶ ሆኖ የምናየው ዛጎል ለስላሳ ሆዱን የሚሸሽግበት ቅርፊት ለሌለው የሸርጣን ዝርያ መኖሪያ ቤት ነው፤ አካሉ ባደገ ቁጥርም ሰፋ ያለ ሌላ ዛጎል ፈልጎ ይገባል። ለአንድ ካርድ ሁለት ዛጎል ማንሳት ቀላል ይመስላል፤ ለሽያጭ ሲሆን ግን ቁጥሩ ወዲያው መቶዎች ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈርሞ ከ1975 ጀምሮ የሚሠራው፣ ሳይተስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች ንግድ ስምምነት፣ የባሕር ፈረሶችን፣ ግዙፍ ክላሞች የተባሉትን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳት፣ ንግሥት ኮንክ የተባለውን ትልቅ ቀንድ አውጣና አብዛኞቹን ድንጋያማ ኮራሎች በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል። የደረቀ የባሕር ፈረስ ወይም የኮራል ስባሪ የተለጠፈበት ካርድ ድንበር ሲሻገር ሊያዝ ይችላል፤ ደንበኛዎ በስጦታ ምክንያት የጉምሩክ ጥያቄ እንዲቀርብበት አይፈልጉም።

ታዲያ ባሕሩ ከየት ይምጣ ቢሉኝ፣ ከወረቀቱ ከራሱ እልዎታለሁ። ፊቱ ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ወረቀት ይውሰዱና መቀሱን ትተው በእጅዎ ቀስ ብለው ይቅደዱት። በተቀደደው ጠርዝ ላይ ነጩ ቃጫ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ እያለ ይወጣል፤ ዳርቻ ደርሶ የሚሰበር ማዕበል አረፋም በትክክል ይህን ይመስላል። የሚቀድዱበትን አቅጣጫ በመለወጥ ነጩ ጠርዝ በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደሚወጣ መቆጣጠር ይቻላል፤ ጣትዎ ይህን እስኪለምድ ድረስ በቁርጥራጭ ወረቀት ይለማመዱ። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ቁራጮችን ሲደራርቡ በአድማሱ በኩል ያለውን ጠቆር ባለ ሰማያዊ፣ ወደ አሸዋው የቀረበውን ደግሞ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሥሩት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሥሩ ያለው አሸዋ የሚመልሰውን ብርሃን ስለሚያሳልፍ በተፈጥሮም የሚታየው እንዲሁ ነው። አራቱም ንጣፎች ተደምረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጡም። አሸዋውን በውሃ ቀለም ይሥሩት፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ የገበታ ጨው ሲነሰነስበት እያንዳንዱ ቅንጣት በዙሪያው ያለውን ውሃና ቀለም ስለሚስብ፣ ሲደርቅ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው የሚያነሡት ወረቀቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ከቸኮሉ ይቀባባል። አድማሱን ከካርዱ ጠርዝ ጋር ፍጹም ትይዩ ያድርጉት። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ካዘነበለ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ባሕሩ ወደ አንድ ወገን የሚፈስስ ያህል ይሰማዋል፤ በጀማሪ ሥራዎች ላይ ደጋግሜ የማየውም ጉድለት ይህ ነው።

ለተከታታዩ ከሌሎች የሚለይ መልክ ከፈለጉ ሳያኖታይፕ የተባለውን የሰማያዊ ኅትመት ዘዴ እንዲሞክሩ እወዳለሁ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ሲሆን፣ በዓመቱ አና አትኪንስ የተባለች የዕፅዋት ተመራማሪ የባሕር ውስጥ አረሞችን ቅርጽ ለመመዝገብ ተጠቅማበታለች። በሁለት የብረት ጨዎች ውሁድ ተቀብቶ በጨለማ የደረቀ ወረቀት ላይ የደረቀ የባሕር አረም ተደርጎ ለፀሐይ ሲሰጥና በውሃ ሲታጠብ፣ አረሙ ያረፈበት ነጭ፣ ዙሪያው ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የባሕር ዳርቻን መንፈስ ከዚህ በላይ የሚያመጣ ኅትመት ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ይህ ሰማያዊ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ውሁድ፣ አይወድም። ለረጅም ዕድሜ ተብሎ ኖራ መሰል ውሁድ የተጨመረበት ወረቀት ቀለሙን ቀስ በቀስ ስለሚያደበዝዘው ወረቀት ሲገዙ ይህን ይጠይቁ።

ወደ መጠኑና ወደ መሠረቱ ስመጣ በአጭሩ አልፋለሁ፤ ትምህርትዎ ይህን ያስተምራልና። አንድ የኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲቆረጥና እያንዳንዱ ግማሽ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤ6 ካርድ ይወጣዋል፤ ይህም 114 በ162 ሚሊ ሜትር ወደሆነው የሲ6 ፖስታ በልኩ ይገባል፤ ቁራጭም አይባክንም። የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም ይሁን። ከማጠፍዎ በፊት ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ለመጥ አድርገው ይፈትሹ፤ በቀላሉ የሚለመጥበት አቅጣጫ ቃጫው የተኛበት ስለሆነ የማጠፊያው መስመር ከእርሱ ጋር ሲሄድ እጥፉ ይጠራል፣ ሲያቋርጠው ግን ይሰነጣጠቃል። መስመሩን በማስመሪያና በደነዘዘ መሣሪያ አስቀድመው ያስርጉት። ውሃ የበዛበት ማጣበቂያ ስስ ወረቀትን ስለሚያጨማድድ ለንጣፎቹ በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከስድስቱ ንድፎች አንዱን መርጠው አሥር ቅጂ በአንድ ጊዜ ይሥሩ፤ መጀመሪያ አሥሩንም ይቁረጡ፣ ቀጥለው አሥሩንም ይጠፉ፣ ከዚያ ይቅቡ፣ በመጨረሻም ይለጥፉ። የእያንዳንዱን ደረጃ ሰዓት ይመዝግቡ። ወረቀት ለመግዛት የሄዱበትን፣ ፖስታ ያዘጋጁበትን፣ ካርዱን በስስ መሸፈኛ ያሸጉበትንም ጊዜ ይጨምሩ፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማይቆጥር ያተረፈ እየመሰለው ይከስራል። የዕቃውን ወጪ፣ የሰዓትዎን ዋጋና እንደ መሣሪያ ማርጀት ያለውን ልዩ ልዩ ወጪ ሲደምሩ የሚያገኙት አኃዝ የካርዱ ትክክለኛ ወጪ ነው። ሱቆች በጅምላ የሚገዙት ብዙ ጊዜ ለደንበኛ በሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ አካባቢ ስለሆነ፣ ያ ግማሽ ወጪዎን የማይሸፍን ከሆነ ካርዱ በቀጥታ ለገዢ ብቻ የሚሸጥ ሥራ መሆኑን ይወቁ። እንዲህ ያለ ካርድ መተዳደሪያ አይሆንም፤ ጥሩ የጎን ገቢ ግን ሊሆን ይችላል።

አንዱ ካርድ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ስላጠረው ሠዓሊውን ጆን ካልኮት ሆርስሊን የገና ካርድ አሠርቶት ነበር፤ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ካርድ በድንጋይ ኅትመት ታትሞ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው። መንገዱ ለእርስዎም ክፍት ነው። የቀደዱትንና የደራረቡትን ባሕር በጥሩ ጥራት ስካን አድርገው ያሳትሙት፤ በእያንዳንዱ ላይ ግን አንድ የእጅ ሥራ ብቻ ይጨምሩ፣ ለምሳሌ በእጅ የተቀደደ አንድ የአረፋ ንጣፍ። ገዢውን ሲያነጋግሩ ንድፉ የታተመ፣ አረፋው በእጅ የተሠራ መሆኑን በግልጽ ይንገሩት፤ ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው ማለት አይገባም።

የባሕር ዳርቻ ገጽታ ብቻውን ካርድ አያሸጥም፤ ሰው ካርድ የሚገዛው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ጡረታ ለወጣ፣ መንገድ ለሚሄድ፣ ለሚያገባ፣ ልደት ለሚያከብር ሁሉ ባሕር ይስማማል። ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ለሐዘን ማጽናኛ የሚሆነውን ነው፤ ሐዘንተኛ የሚያየው ባሕር ግን ጸጥ ያለ፣ አድማሱ ሰፊ፣ ቀለሙም የረጋ መሆን አለበት፤ የሚናወጥ ማዕበልም ሆነ ብቻዋን የምትርቅ ጀልባ ሊያስከፋ ይችላል። ከስድስቱ ንድፎች ቢያንስ ሁለቱን ውስጣቸውን ባዶ ይተዉአቸው፤ ላኪው የራሱን ቃል ይጻፍበት።

የባለቤትነት መብትንም አይርሱ። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ፎቶ አይገልብጡ፤ በተገዛ ማኅተም የታተመ ካርድ ለመሸጥም የማኅተሙን አምራች ደንብ ያንብቡ፤ አንዳንዶቹ በእጅ ለታተመ ጥቂት ሥራ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ይከለክላሉ። የእርስዎ ንድፍ ደግሞ የእርስዎ ሀብት ነው፤ የካርድ አሳታሚዎች ንድፍ የሚወስዱት በአንድ ጊዜ ክፍያ ወይም ከሽያጩ በሚታሰብ ድርሻ ስለሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓይነት ዕቃ እንደሚጠቀሙበት በጽሑፍ ሳይወሰን አይስጡ።

ይንቁኝ ይሆን ስላሉት ስጋት የምመልሰው በአቀራረብዎ የሚወሰን መሆኑን ነው። ካርዶቹን በማመልከቻዎ ውስጥ የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ በሚለው ሥር አያስገቧቸው። ስድስቱን በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ቀጥ ብለው ከላይ ፎቶ ያንሡና ከጎናቸው የወረቀቱን ክብደት፣ የተጠናቀቀውን መጠን፣ የኅትመቱን ዘዴ፣ የአንዱን ካርድ የሥራ ሰዓትና ያሻሻሉትን ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ ዛጎሉ ለምን እንደተወገደና በምን እንደተተካ። የማሸጊያ ዲዛይን ድርጅት፣ ማተሚያ ቤት፣ አሳታሚ ወይም የሙዚየም ስጦታ ሱቅ ይህን ሲያይ ወረቀትን የሚያውቅ፣ ወጪን የሚያሰላና ሥራን የሚደግም ባለሙያ ያያል። ለቤተሰብዎም ክርክር ከሚገጥሙ ይልቅ የሰዓትና የወጪ መዝገቡን ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም ለቀጣሪ የሚያሳዩትን የሥራ ናሙና ስብስብ፣ ከመዝጋትዎ በፊት ከስድስቱ ሦስቱን ያለ ምንም ልዩ መጠቅለያ በተራ ፖስታ፣ በሌላ ከተማ ለሚኖር ሰው ይላኩ። ሲደርሱት እጥፉን፣ የአረፋውን ጠርዝና ማጣበቂያውን ከቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ የተነቀለ ወይም የታጠፈ ንጣፍ ካለ ያንን ንድፍ ከማስገባትዎ በፊት እንደገና ይሥሩት።