«ኮምፒውተሩ አልዘጋም አለ» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ?

እህታችን፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽልን ደርሶናል። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ደረጃ አራት ጨርሰሽ ሲኦሲ አልፈሻል። ለአይቲ ድጋፍ በተወዳደርሽበት መሥሪያ ቤት ግን የተግባር ፈተናው ላይ ወደቅሽ። ጥያቄው «የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ማታ ማታ አንድ ፕሮግራም እየያዘው አልዘጋ ይላል፤ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነበር። አንቺም «ማጥፊያውን ተጭኜ እይዘዋለሁ» አልሽ።

ይህ መልስ የሰው ሥራ ያጠፋል። ዊንዶውስ ሊዘጋ ሲል ለተከፈተው ፕሮግራም ሁሉ ጥያቄ ይልካል። አልመልስ ያለውን በተለምዶ 5000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 5 ሰከንድ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ስሙን ስክሪኑ ላይ አውጥቶ «በግድ ልዝጋ ወይስ ልመለስ?» ይላል። ያ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አልሞተም። «ሴቭ ላድርግ?» የምትል ትንሽ መስኮት ከሌላ መስኮት ጀርባ ተሸፍናበት መልስ እየጠበቀ ነው። ማጥፊያውን ስትይዢ ያልተቀመጠው የቀኑ ምዝገባ ይጠፋል፤ ዳታ ፋይሉ እየተጻፈ ከነበረም ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃሽ «ካንስል» ነው። የፕሮግራሙን ስም ጻፊ፤ በኦልትና ታብ መስኮቶቹን አገላብጠሽ የተደበቀችውን ፈልጊ፤ ሠራተኛዋ ሥራዋን ሴቭ ታድርግ። ቀጥሎ ኢቨንት ቪወርን፣ ማለትም ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ የሆነውን የሚመዘግብበትን መዝገብ ክፈቺ። አፕሊኬሽን በሚለው ሎግ ቁጥር 1002 የትኛው ፕሮግራም መልስ መስጠት እንዳቆመ በስሙ ይነግርሻል። ሲስተም በሚለው ሎግ 6008 ወይም 41 ካየሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፍቷል፤ ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ አንድ ሰው ማጥፊያውን ይዟል፣ ወይ ሲስተሙ ራሱ ተሰናክሏል።

«ማታ ማታ» የሚለውን ቃል ልብ በይው። የሒሳብ ፕሮግራም ዳታውን ከሌላ ማሽን በኔትወርክ የሚያነብ ከሆነ፣ 11፡30 ላይ ቀድሞ የወጣ ሰው ስዊቹን (ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘውን ዕቃ) ወይም ዳታው ያለበትን ማሽን ሲያጠፋ ፕሮግራሙ ፋይሉን እየፈለገ ይቀራል። ያን ጊዜ መፍትሔው የመዝጊያውን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው፤ ሴቲንግ መነካካት አያስፈልግም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም ዊንዶውስ የሚጠብቅበትን ጊዜ ማስተካከል ካስፈለገ፣ የዊንዶውስ ውስጣዊ ሴቲንጎች በሚቀየሩበት ሬጅስትሪ ኤዲተር ውስጥ ከረንት ዩዘር፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ዴስክቶፕ ድረስ ሂጂ። ከመንካትሽ በፊት እዚያው ያለውን ዴስክቶፕ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኤክስፖርት በይ፤ ቢበላሽ የምትመልሽው ቅጂ ነው። «ሃንግአፕታይምአውት» የሚጠብቀው ጊዜ ነው። «አውቶኤንድታስክስ» 1 ከሆነ ሳይጠይቅ ይዘጋል፣ 0 ከሆነ ይጠይቃል። በሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ላይ 1 አታድርጊ። ለመማሪያ ክፍል ኮምፒውተር ግን ይስማማል፤ እዚያ የሚጠፋ ሰነድ እምብዛም የለም። ለሰርቪሶች፣ ማለትም መስኮት ሳይኖራቸው ከጀርባ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ጊዜ የመላው ኮምፒውተር ሴቲንግ ባለበት በሎካል ማሽን ሥር ለብቻው አለ፤ ዳታቤዝ ባለበት ማሽን ላይ አታሳንሺው።

ጀማሪ የሚስተው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ እነዚህ እሴቶች ስትሪንግ (የጽሑፍ ዓይነት) ናቸው፤ ዲወርድ (የቁጥር ዓይነት) አድርገሽ ከፈጠርሻቸው አይሠሩም። ሁለተኛው ይብሳል። ከረንት ዩዘር የሚይዘው የአንድ ተጠቃሚን ሴቲንግ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ተራ አካውንት ኖሯት አንቺ በአድሚን የይለፍ ቃል ኤዲተሩን ከከፈትሽው፣ የምትቀይሪው የአድሚኑን ነው። የእርሷ እንደነበረ ይቆያል፤ አንቺ «ጨርሻለሁ» ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ማታ ስልክ ይደወልልሻል። ቀይረሽ ስትጨርሺ እርሷ ሳይን አውት ብላ ትመለስ፤ አጠገቧ ሆነሽም ኮምፒውተሩን አንዴ ዝጊው።

ለልምምድ ወርድ ላይ ሁለት መስመር ጽፈሽ ሴቭ ሳታደርጊ ሻት ዳውን በይ፤ መልእክቱ ሲመጣ ካንስል። አዲሱ የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ራሱ ስለሚይዝ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። ያየሽውን ሁሉ በደብተር መዝግቢ፦ ቀን፣ ምልክት፣ ምክንያት፣ የተደረገው። ሲቪሽ ላይም «ጥገና እችላለሁ» ከምትዪ ከዚያ ደብተር ሦስት መስመር አውጥተሽ አስፍሪበት፤ ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ደብተሩን ይዘሽው ግቢ።