መኝታ ቤቱም ቤት ነው፦ ስለ ሥዕል፣ አበባና መኝታ ክፍል ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሐዋሳ መጋረጃና አልጋ ልብስ እየሰፋሁ፣ ሰው ቤት እየገባሁ ክፍል እያስተካከልኩ ነው የምኖረው። ዛሬ ስለ ቤት ማስዋብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያለሁ። ከጥያቄው ፊት «ከ...» ብዬ የጻፍኩት የጠያቂው ክፍለ ከተማ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ቤት ስገባ ሳሎኑ ያበራል። መኝታ ቤቱ ግን ሻንጣ፣ የጤፍ ጆንያና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። አልፎ አልፎ እንግዳ ለሚቀመጥበት ክፍል ገንዘባችንን እንጨርሳለን። በየቀኑ ለምንነቃበት ምንም አናስቀርም። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ስለዚህ መልሴ ወደ መኝታ ቤት ቢያደላ አትፍረዱብኝ።

ከታቦር፦ መኝታ ቤቴ 3 በ3 ነው። አልጋዬ ሜትር ከሰማንያ። ብዙ ገንዘብ የለኝም። ከምን ልጀምር?

ከማውጣት ጀምሪ እህቴ። ለመተኛትና ለመልበስ የማያስፈልግሽን ሁሉ አውጪ። ይሄ ብር አይጠይቅም።

ቀጥሎ አምፖሉን ቀይሪ። አብዛኛው ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ያ ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ አምፖል ነው ያለው። ካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ለሱቅ ጥሩ ነው፤ ለመኝታ ግን አይሆንም። ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ያለውን፣ ባለሱቆች «ቢጫው» የሚሉትን ግዢ። ፊትሽም፣ ግድግዳሽም፣ አንሶላሽም ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ የራስጌውን ግድግዳ ብቻ ቀለም ቀቢ። 3 ሜትር ስፋት በ2.70 ከፍታ ወደ 8 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ አንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ለሁለት ዙር 2 ሊትር ገደማ ይበቃሻል። ሙሉ ባልዲ ካልገዛሽ የሚልሽን ቀቢ አትስሚ። ቀለሙን ፈዘዝ ያለ አድርጊው። የሸክላ ቀለም ወይም የደረቀ ቅጠል አረንጓዴ ከቢጫ ብርሃን ጋር ይስማማል።

አልጋውን መሃል ካደረግሽው ግራና ቀኝ 60 ሳንቲ ሜትር ይተርፍሻል። ኮመዲኖ ከፈለግሽ ከ40 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋ አሠሪ። ቁም ሳጥኑ በግርጌ በኩል ከሆነ በሩ የሚንሸራተት ይሁን፤ አለበለዚያ ሲከፈት አልጋውን ይመታል።

ከባህል አዳራሽ፦ አጎበሩ ክፍሉን ያበላሽብኛል። የቱንም ያህል ባስጌጥ አይኔ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ባወጣው ምን ይመስልሻል?

አታውጪው! እዚህ ላይ አልደራደርም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን ወባ በዋናነት የሚያሰጋው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው።

ግን ስሜትሽ ይገባኛል። ክፍሉን የሚያበላሸው አጎበሩ ሳይሆን አሰቃቀሉ ነው። በአራት ሚስማርና በአራት ዓይነት ገመድ አዛብቶ የተወጠረ አጎበር ማንንም ያስጠላል። አራት ማዕዘን አጎበር ካለሽ አናጢ ጠርተሽ በአልጋው አራት ጥግ የቀርከሃ ምሰሶ አስቁሚ፤ ላይ ላዩን በአራት ቀርከሃ አስገጥሚው። አጎበሩ ከውስጥ ይንጠለጠላል። ከውጭ በየምሰሶው ስስ ነጭ ሸማ አስረሽ ብትለቂው አልጋሽ የሙሽራ አልጋ ይሆናል። ክብ አጎበር ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ላይ፣ ልክ በአልጋው መሃል፣ አንድ ጠንካራ መንጠቆ ይበቃል። ጂፕሰም ኮርኒስ ከሆነ መንጠቆው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ብረት ወይም እንጨት ይያዝ፤ ጂፕሰሙ ብቻውን አይችለውም። ቀን ቀን ሰብስበሽ በጥለት ጨርቅ እሰሪው። ማታ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገቢ።

አጎበሩ ራሱ ንጹሕ ይሁን። በኬሚካል የተነከረው ቢያንስ 20 እጥበትና 3 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ማጠብ አትፍሪ። በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ቀስ ብለሽ እጠቢው። በረኪና አይንካው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ላይ ይድረቅ። ቀለም ልንከረው የምትሉ አላችሁ፤ ይቅርባችሁ።

ከዚያው ሰፈር፦ አጎበሩን ለመስኮት መጋረጃ ብጠቀምበትስ?

ወንድሜ፣ አጎበር ለሰው ነው። ለመስኮት ስስ መጋረጃ ግዛ። ጨርቁን የመስኮቱን ስፋት ሁለት እጥፍ አድርገህ ውሰድ፤ ያለዚያ ተወጥሮ አንሶላ ይመስላል። የመጋረጃውን ብረት ከመስኮቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ብታሰቅለው ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል።

ከሐይቅ ዳር፦ ልጄ፣ ከዓመታት በፊት የተሰጠኝ የብራና ሥዕል አለኝ። ክረምት ሲገባ ይጨማደዳል፤ በጋ ላይ ደግሞ ተወጥሮ ሊቀደድ ይደርሳል። ምን ይሻለኛል?

እማማ፣ ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርስዎ ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ከውጭ በኩል ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ላይ ያንሱት። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያዙሩት፤ ከመስኮት ፀሐይም ይራቅ። መስተዋት ካስገቡለት ሥዕሉ መስተዋቱን እንዳይነካ በመሃል ወፍራም የካርቶን ጠርዝ ያስገቡ ብለው ፍሬም ሠሪውን ይዘዙት። በሙጫ ካርቶን ላይ እንዳይለጥፍብዎ! ብራና ከተለጠፈ መንቀሳቀስ ሲያምረው ይሰነጠቃል። በመጨረሻም ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ጥግ ላይ ቁራጭ ጎማ ወይም ቡሽ ያስለጥፉ፤ በግድግዳውና በሥዕሉ መካከል አየር ያልፋል። ሻጋታም አይዘውም።

ቡና የሚፈሉት እዚያው ክፍል ከሆነ ሥዕሉ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ይበል።

ከምሥራቅ፦ ሥዕል ስንት ከፍታ ላይ ነው የሚሰቀለው?

የሥዕሉ መሃል ከወለሉ ከ1.45 እስከ 1.55 ሜትር። ከራስጌ በላይ ከሆነ ግን ከራስጌው ጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል። ስፋቱ ወደ አልጋው ሁለት ሦስተኛ ቢደርስ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሥዕል ጣሪያ ሥር ነው የሚሰቀለው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንገት ያማል።

የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ነው፤ ሚስማር ብቻውን ይላቀቃል። በድሪል አስበስተህ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ትንሽ ፕላስቲክ) አስገባ።

ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ሚስማር እንዲመታ አይፈቅዱም።

ኮመዲኖ ወይም ቁም ሳጥን ላይ ግድግዳውን አስደግፊው። አንድ ትልቅ፣ ከፊቱ አንድ ትንሽ። እንዲያውም ይበልጥ ያምራል። ልጆች ካሉ ግን መስተዋት የሌለው ይሁን።

ከመናኸሪያ፦ ሥዕል መግዛት አልችልም። ከቻይና የመጣ ፖስተር ይሻላል ባዶ ግድግዳ?

ሁለቱም አይደለም። ቤትሽ ውስጥ ስንት ነገር አለ! እናትሽ ያረጀ የሀበሻ ቀሚስ አላቸው? ጨርቁ ቢያልቅም ጥለቱ አያልቅም። ጥለቱን ቆርጠሽ ነጭ ካርቶን ላይ በመርፌ ያዢው፤ ፍሬም ቤት ውሰጂው። ይህን ያደረገች ደንበኛ አለችኝ፤ እናቷ ሲያዩት አለቀሱ።

ሰፌድም አለ። ሐረሪዎች የቤታቸውን ግድግዳ በስፌት ነው የሚያስጌጡት። መጠኑ የተለያየ ሰፌድ አምስት ያህል ሰብስቢ፤ ትልቁን ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን አድርጊ፤ ትናንሾቹን ዙሪያውን። መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድረሽ እዪው።

የልጆችሽን ሥዕልም አትናቂ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፍሬም ከገባ ያምራል።

ገንዘብ ስታገኚ ደግሞ ከከተማችን ወጣት ሠዓሊዎች አንድ ትንሽ ኦሪጅናል ግዢ። እጅ የነካው ሥራ ላይ ብሩሹ ያለፈበት ይታያል፤ ፖስተር ላይ አይታይም። ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ፍላጭ ደርድሮ፣ እሱ ላይ እየሣለ ነው ስሙ የታወቀው። ቀርከሃ እኮ የኛ ጎረቤት ነው፤ ሁላና ሐገረ ሰላም ላይ ሞልቷል። የሲዳማ አባቶች ቤታቸውን በሙሉ ከእሱ ይሠሩ ነበር። እኛ ግን መብራት ማንጠልጠያው ሳይቀር ፕላስቲክ ካልሆነ እንላለን።

የቀርከሃ መደርደሪያ ገዝቼ ሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፋል። ምንድን ነው?

ነቀዝ ነው። ቀርከሃ ውስጥ ያለውን ስታርች ይበላል። ዕቃው ትንሽ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ቫርኒሽ ቀባው። ትልቅ ከሆነ የተበላውን ቁራጭ አስቀይር፤ እስከዚያ ሌላው የቀርከሃ ዕቃ አጠገብ አታስቀምጠው። አዲስ ስትገዛ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ የተነከረ መሆኑን ጠይቅ። እርጥብ ቀርከሃ ከሆነ አትግዛ።

ከአዲስ ከተማ፦ ጽጌረዳ በሁለት ቀን አንገቷን ትደፋብኛለች። ለምን?

ግንዷ ውስጥ አየር ስለሚገባ ወይም ውሃው ስለሚቆሽሽ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ባቱ ላይ ያሉት የጽጌረዳ እርሻዎች አበባውን ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በቅዝቃዜ ነው የሚይዙት። አንቺ እጅ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው።

ቤት ስትደርሺ ግንዱን ከታች 2 ሳንቲ ሜትር በስለት በሰያፍ ቁረጪ። መቀስ ይጨፈልቀዋል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አንሺ፤ እሱ ነው የሚበሰብሰው። ለ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሪ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ፤ ስትቀይሪም ትንሽ ቁረጪ። የበሰለ ሙዝና ማንጎ አጠገብ አታስቀምጪ፤ የሚያወጡት ጋዝ አበባውን ያስረጀዋል።

ለመኝታ ቤት እቅፍ አያስፈልግም። አንድ ዘንግ በብርጭቆ ኮመዲኖ ላይ ይበቃል። በመስከረም ደግሞ አደይ አበባ።

ፕላስቲክ አበባስ?

አልወደውም። አቧራ ይጠጣል። ግን ካለሽ በየጊዜው በሳሙና እጠቢው።

ከሐዌላ ቱላ፦ ቤት ውስጥ ያሉት ተክሎቼ የቅጠላቸው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በየቀኑ አጠጣለሁ። ድራሲናና ያ ቀጭን ቅጠሉ መሃል ነጭ መስመር ያለበት፣ ልጆቹን የሚያንጠለጥለው ተክል ናቸው።

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ይቸገርበታል። ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ አታጠጣ። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ እርጥብ ከሆነ ተወው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። አንተ የጠራኻቸው ሁለቱም ተክሎች ደግሞ ፍሎራይድ የማይችሉ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ይከማችና ያቃጥላቸዋል። ማፍላት አይጠቅምም፤ ይበልጥ ያጠነክረዋል። የክረምት የጣሪያ ውሃ በጄሪካን አጠራቅም፤ ለእነሱ ብቻ ይሁን። የደረቀውን ጫፍ በመቀስ ቁረጥ፤ አዲሱ ቅጠል ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። ማኒ ፕላንት ብትጨምር ከውሃው ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ቅጠሉን ሕፃን እንዳያኝከው፤ አፍ ያቃጥላል።

መኝታ ቤት ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ መስቀል ይቻላል?

ይህ የጌጥ ጥያቄ አይደለም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ከመሃል ከተማ፦ በቅርቡ አግብቻለሁ። አማቴ ቡልኮ ሰጥተውኛል። አልጋ ላይ ባነጥፈው የገጠር ቤት አይመስልም?

እንኳን ደስ ያለሽ! ቡልኮ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ነው። ከዚህ የሚበልጥ አልጋ ልብስ ሱቅ ውስጥ አታገኚም። አንሶላሽ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ አበባ የበዛበት አንሶላ ከቡልኮ ጋር ይጣላል። ሙሉውን አታልብሺው። ለሁለት አጥፈሽ የአልጋውን የግርጌ አንድ ሦስተኛ ብቻ አልብሺ፤ ጥለቱ ወደ በሩ ይዙር። ሁለት ትራስ ልብስ በጥለቱ ቀለም ካሰፋሽ ተጠናቀቀ። ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ አትጠምዝዢው፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። አማትሽ ሲመጡም በሩን ክፈቺላቸው፤ ገብተው ይዩት።