የ9 ዓመት ልጅ ጊታር ሲተው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጊታሩ ነው

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የ9 ዓመት ልጅዎ «ያድግበታል» ተብሎ የተገዛለትን የአዋቂ ጊታር በሁለት ወር ውስጥ «ጣቴን አመመኝ» ብሎ እንደተወው፣ የ14 ዓመቷ እህቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ካልተገዛልኝ እንዳለችና አባቷ «ጩኸት ነው» ብለው እንደተቃወሙ ጽፈዋል፤ ልጁን ማስገደድ ይገባ እንደሆነም ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችንና ወጣቶችን ጊታር ሳስተምር ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነኝ ካየሁት ተነስቼ እመልሳለሁ።

ልጁን አያስገድዱት፤ ጊታሩን ይቀይሩለት። ጫማ ሰፋ ብሎ ቢገዛ ልጅ ያድግበታል፣ ጊታር ግን እንደዚያ አይደለም። የአዋቂ ክላሲካል ጊታር የክሩ ርዝመት በሆዱ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ድልድይ እስከ አንገቱ ራስ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ትንሽ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈሉትን ቦታዎች) ለመድረስ ትከሻውን ሰቅሎና የእጅ አንጓውን አጣሞ ይታገላል። ለ9 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ሦስት አራተኛ የሚባለው መጠን ነው፤ ክሩም ብረት ሳይሆን ናይለን ይሁን። በተጨማሪ ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይዩ። በአንድ ወቅት አንዲት የ8 ዓመት ተማሪዬን ለሦስት ወር ያህል «አልተለማመድሽም» እያልኩ ስጨቀጭቃት ቆይቼ፣ አንድ ቀን በእሷ ጊታር ልጫወት ስሞክር እኔ ራሴ ክሩን ተጭኜ ጥሩ ድምፅ ማውጣት አቃተኝ። ጠጋኝ ዘንድ ወስደን ክሩ ዝቅ ሲደረግ ልጅቷ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች፤ እኔ ግን እስካሁን አፍርበታለሁ። የጣት ጫፍ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነው፤ የአንጓ ሕመም ግን የመጠን ወይም የአያያዝ ችግር መኖሩን ያሳያል።

ሁለተኛው ነገር መምህሩ ምን እንደሚያስተምረው ነው። ሁለት ወር ሙሉ የጣት ማፍታቻ ብቻ የተሰጠው ልጅ ቢሰለች አይፈረድበትም። በተለመደው ቅኝት የጊታር ባዶ ክሮች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ እና ሚ ናቸው፤ እነዚህን ድምፆች ከሶል አስነስተን ስንደረድራቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ፣ ማለትም ከአገራችን የዜማ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። ስለዚህ ልጁ (ክሮቹ ከቀጭኑ ጀምረው ሲቆጠሩ) ሦስተኛውን ክር ባዶውንና ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ሁለተኛውን ክር ባዶውንና ሦስተኛው ፍሬት ላይ፣ ቀጭኑን አንደኛ ክር ደግሞ እንዲሁ ባዶውንና ሦስተኛው ፍሬት ላይ በተራ ቢመታ፣ በሁለት ጣት ብቻ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የለመደውን ቅኝት ያገኛል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንን ነው፤ ኖታ ማንበብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኮርድም (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ቢሆን በአንድ ጣት ይጀመራል፦ ሁለተኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች መምታት ሲ ሜጀርን ይሰጣል (ይኸኛው «ሲ» የእንግሊዝኛው ፊደል ነው፣ በእኛ አጠራር ዶ ማለት ነው)። በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ እሑድን ጠብቆ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ግን ጣቱንም ፍላጎቱንም ይጎዳል።

ወደ ታላቋ ስመጣ፣ «መጀመሪያ አኮስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ጊታር) ሳይችሉ ኤሌክትሪክ አይነካም» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭንና ለአንገቱ የቀረበ ስለሆነ ለመጫን ይቀላል፤ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠራም ጎረቤት አይረበሽም። አባቷ ጩኸት ነው ካሉ፣ የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም በኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወተባቸውን ዘፈኖች ያሰሟቸው፤ በወጣትነታቸው ሳያዳምጡት አይቀሩም። በዚህ ዕድሜ ዘፈኑን መምረጥ ያለባት ራሷ ናት፤ መምህሩ የመረጠላትን ብቻ የምትጫወት ወጣት ብዙ ጊዜ ፈተና ሲደርስ ጊታሩን ሰቅላ ትቀራለች። እስከዚያው ለታናሽዋ የተገዛው የአዋቂ ጊታር ለእሷ ቁመት ይስማማታልና፣ ክሩ ከተስተካከለ በኋላ ዛሬውኑ ልትጀምርበት ትችላለች።